ሊቀ ካርታ ሂንሪክና የቦቲላ ገብስ

ድንበር ላይ የተቀመጠ መንደር ሁሉ አንድ ካርታ ያዥ አለው። ሌላው አገር ሐኪም ሳይሆን መድኃኒት የሚያዝ፣ ኳስ ሳይነካ አሰልጣኝ የሚሰድብ ሰው ይኖረዋል። የታደሉ ናቸው። የመድኃኒት አዋቂ ቢበዛ አንድ ሰው ይገድላል፤ የኳስ አዋቂ ቢበዛ ራት ያበላሻል። ካርታ ያዥ ግን የቆምክበትን መሬት ነው ከእግርህ ሥር የሚወስድብህ፣ ያውም ዓይንህ እያየ፣ በሰነድ።

የእኛ፣ በዴንማርክና በጀርመን ወሰን ላይ ያለችው የስቴንቦል መንደር ካርታ ያዥ ክቡር ሂንሪክ ላውስተን ናቸው። እኔ ሊቀ ካርታ እላቸዋለሁ። ሰማንያ ሊሞላቸው አንድ ዓመት የቀራቸው፣ ግንባራቸው የበር ጉበን የሚነካ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ለወተት ማቀነባበሪያው በየግቢው እየዞሩ ወተት ሲመረምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሥራቸው ውሃ የተቀላቀለበትን ወተት ማጋለጥ ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ ለሰው ልብ አይበጅም። ገበሬው ሁሉ በልጆቹ ስም እየማለ ውሃ ሲሸጥላቸው ስለኖረ፣ ጡረታ ሲወጡ አንድ እምነት ብቻ ይዘው ወጡ፦ «ሰው ይዋሻል፤ ካርታ አይዋሽም።»

ሌላው ሰው አንሶላና ፎጣ በሚያስቀምጥበት ቁም ሣጥን ውስጥ እሳቸው ጦር ሠራዊት ያስቀምጣሉ። መንገድና ቤተ ክርስቲያን ብቻ የያዘ፣ የዴንማርክ ንጉሥ መኮንኖች የሳሉት አለ። እነሱን አሸንፈው የገቡት የፕሩሲያ መኮንኖች የሳሉት አለ። ጀርመኖች ከብዙ ዘመን በኋላ ተመልሰው ሲመጡ ያንኑ ገልብጠው ቀለም የቀቡት አለ። መንደራችን ከቦታዋ ስንዝር ሳትነቃነቅ ሁለቴ አገር ቀይራለች፤ ሰው በፈለጋት ቁጥር ደግሞ አንድ ወታደር ባለ ሦስት እግር ጠረጴዛ ተሸክሞ እየመጣ ይስላታል። ከሁሉም የሚወዱት ከመቶ አርባ ዓመት በፊት ክሌምፕ የሚባል የፕሩሲያ መቶ አለቃ የሳለውን ነው። እያንዳንዱ አጥር፣ እያንዳንዱ ቦይ፣ ፈረስ ውሃ የሚጠጣበት ኩሬ ሳይቀር አለበት። ሊከፍቱት ሲሉ እጃቸውን ታጥበው፣ ነጭ የጥጥ ጓንት አጥልቀው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ነው። ሟች ባለቤታቸው «እኔን እንዲህ ተጠንቅቀህ ነክተኸኝ አታውቅም» ይሉ ነበር አሉ።

ከቁም ሣጥኑ በላይ በመስታወት ተደርጎ የተሰቀለ ወረቀት አለ። ለመቶ አለቃ ክሌምፕ መንገድ እየመሩ መለኪያ በትር ይሸከሙለት ለነበሩት ለቅድመ አያታቸው፣ ለመጀመሪያው ሂንሪክ ላውስተን፣ የተሰጠ ምስክር ወረቀት ነው። «ታማኝና ደፋር» ይላል። እንግዳ በገባ ቁጥር ሁለቴ ይነበባል፤ አንዴ በጀርመንኛ፣ አንዴ በዴንማርክኛ፣ ማንም ቅር እንዳይለው። በእኛ በኩል ቤተሰብ የጀርመን ልብ ያለውና የዴንማርክ ልብ ያለው ተብሎ ይከፈላል። የላውስተን ቤት የጀርመን ልብ ነው፤ የእኛ ቤት የዴንማርክ። ሊቀ ካርታ ግን ሁለቱንም ወገን እኩል ነው የሚያሰለቹት።

የወንድሜ ልጅ ከድንበሩ ማዶ የሆነ ልጅ ስታገባ ለምርቃት ተነሡ። ተነሡና ካርታ ዘረጉ።

«ውድ ሙሽሮች፣ እዚህ ጋ እዩ። ይሄ የሙሽራው ቅድመ አያት ግቢ ነው። በጦርነቱ ጊዜ አራት መድፍ ተተክሎበታል። ይሄ ደግሞ የሙሽሪት ቤተ ክርስቲያን ነው። በመካከላቸው ሁለት ሺህ አንድ መቶ እርምጃ። ደወሉን የመታው የመጀመሪያው መድፍ ነው፤ ሁለተኛው...»

ሙሽራው ሊስቅ ሞክሮ አቃተው። የሙሽሪት እናት ክንዳቸውን ያዘቻቸው። «ሂንሪክ፣ በእናትህ ኬክ ብላ።»

«ቆይ፣ ሦስተኛው መድፍ ይቀራል።»

ሁለት ቱሪስቶች የባሕሩን ዳርቻ ጠይቀዋቸው በመቶ አለቃ ክሌምፕ መንገድ ላኳቸው። ባልና ሚስቱ ከሦስት ሰዓት በኋላ እስከ ጭናቸው ረጥበው ተመለሱ። «ድልድይ አለ ብለውን አልነበረም?» አለ ሰውየው። «ድልድዩ ነው የጠፋው እንጂ ካርታውማ ልክ ነው» አሉት ሊቀ ካርታ፣ ጥፋቱ የድልድዩ እንደሆነ በሚያስረዳ ረጋ ያለ ድምፅ። ሁለት ወንድማማቾች በአንድ አጥር ዛፍ ሲካሰሱ ደግሞ አጉሊ መነጽር ይዘው ገቡና በአንድ ከሰዓት ጉዳዩን ጨረሱት፤ አጥሩ የሁለቱም ሳይሆን የቤተ ክርስቲያኑ ሆነ። ወንድማማቾቹ ታረቁ። አሁን ቄሱን ነው የማያናግሩት።

ደብዳቤ መጻፍ ሌላው ሱሳቸው ነው። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ የሳቸውን ፖስታ ያውቃል። አንድ የመንገድ ምልክት አሥር እርምጃ ከቦታው ከወጣ ደብዳቤ፤ አዲስ ካርታ ወጥቶ አንድ ቦይ ከተረሳ ደብዳቤ። መዝጊያው ሁሌም አንድ ነው፦ «የመቶ አለቃ ክሌምፕ ካርታ እንከን የለበትም። ሂንሪክ ላውስተን።» እኔ ብስክሌት ጠጋኝ ነኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በአካባቢያችን ጋዜጣ እጽፋለሁና እነዚህን ደብዳቤዎች እየጠቀስኩ ስንት ቅዳሜ አንባቢ አስቄባቸዋለሁ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። እኛን የወሰደን ግን የምር ውሃ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛ ዝቅተኛ መሬት የሚታረሰው ወንዙ ዳር ያለው ፓምፕ ቀን ከሌት ውሃ ስለሚስብ ነው። የውሃ መሥሪያ ቤቱ ፓምፑን ሊያቆም ወሰነ። ድሮ ረግረግ የነበረው መሬት ወደ ረግረግነቱ ይመለስ፣ ወፎችም ይምጡ፣ አየሩም ይጽዳ አለ። ድሮ ደረቅ የነበረውም ከፓምፑ ብዛት ዝቅ ስላለ በአፈር ግድብ ይከለላል። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ እኔም በጋዜጣ አሞግሼው ነበር። ከዚያ የግድቡ መስመር በፖስታ መጣ። መስመሩ ከእህቴ ከቦቲላ ቤት በስተጀርባ ነው የሚያልፈው። ቤቱና አሥራ አንዱ ሄክታር የገብስ ማሳ በውሃው በኩል ቀሩ።

ቦቲላ ሰባ አምስት ዓመቷ ነው። ባሏ ከሞተ በኋላ ያን ማሳ ለብቻዋ ይዛ የኖረች፣ ትራክተር ስትነዳ ስካርፍ የምታስር፣ ከአባታችን ቤት አንድ ሌሊት ውጭ ያደረችው ስትወልድ ብቻ የሆነች ሴት ናት። ደብዳቤውን አንብባ አጠፈችና መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። «እዚህ ተሳስተዋል» አለች። «የኛ መሬት ረግረግ ሆኖ አያውቅም።»

እኔም በደስታ ወደ ሊቀ ካርታ ሮጥኩ። በደስታ፣ አዎ። ሕይወቴን ሙሉ ስሸሻቸው የኖርኩትን ካርታዎች ፈልጌ መሄዴ ራሱ አሳቀኝ።

«ጋሼ ሂንሪክ፣ ዛሬ ካርታዎን ላይ ነው የመጣሁት።»

ፊታቸው እንደ ሙሽራ በራ። «በል ግባ፣ ጫማህን አውልቅ፣ እጅህን ኪስህ ውስጥ አርግ!»

ታጠቡ፣ ጓንት አጠለቁ፣ የክሌምፕን ካርታ ዘረጉ። ጣታቸው ቤተ ክርስቲያኑን አለፈ፣ ወፍጮውን አለፈ፣ ከቦቲላ ግቢ ሲደርስ ቆመ።

«ምን ይላል?» አልኳቸው።

አጉሊ መነጽራቸውን አንሥተው ደግመው አዩ።

«ጋሼ፣ ምን ይላል?»

«ረግረግ።»

«ምን?»

«ከደጃፏ ጀምሮ እስከ ወንዙ። ረግረግ ይላል።» ትንንሾቹን አግድም ጭረቶች በጣታቸው አሳዩኝ፤ የረግረግ ምልክት ናቸው።

«እኔ እዚያ ማሳ ላይ ነው ያደግኩት! አባቴ፣ አያቴ፣ የአያቴ እናት ገብስ ያጨዱበት ነው። ይሄ ካርታ ተሳስቷል።»

«ካርታው...»

«ካርታው ይቃጠል!»

በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ቃል ተነግሮ አያውቅም። ሊቀ ካርታ አልተቆጡም። ካርታውን ቀስ ብለው ጠቅለል አደረጉና «ሂድ አሁን፣ ኒስ» አሉኝ። ጓንታቸውን እንኳ ሳያወልቁ በሩን ከፈቱልኝ። ስለተሰደቡ መሰለኝ።

ለእህቴ ነገርኳት። «ያ ሽማግሌ ከነሱ ጋር ነው» አልኳት።

«ተወው» አለችኝ። «ሂንሪክ ሲዋሽ አይቼው አላውቅም። አሁን በስተርጅናው ጀምርልኝ ልበለው?»

ሁለት ሳምንት ሙሉ ሊቀ ካርታ ከቤት አልወጡም። ከዚያ የስብሰባው ቀን ደረሰ።

ስብሰባው በመንደሩ አዳራሽ ነበር፤ የመንደሩ አዳራሽ ከሆነ ደግሞ ኬክ አለ። አሥራ አራት ዓይነት፤ ሰባት ለስላሳ፣ ሰባት ደረቅ። እንግዳ ከሁሉም መቅመስ አለበት፤ ያልቀመሰ ባለቤቶቹን ሰድቦ እንደሄደ ይቆጠራል። ከመሥሪያ ቤቱ የመጣችው መሐንዲስ፣ ወይዘሮ ስኮውቦ፣ ትሑት ሴት ነበረች፣ ክፉ አልነበረችም። ግን አንድ ቁራሽ ብቻ አንሥታ «ጠገብኩ፣ አመሰግናለሁ» አለች። ከዚያ በኋላ መልአክ ብትሆን እንኳ ሴቶቹ አይሰሟትም ነበር።

ሌላም ነገር አላወቀችም። የእኛ ሰው ስሜቱን አውጥቶ አይናገርም። ምግብ ጣፍጦት ጣቱን ሊቆረጥም የደረሰ ሰው «አይከፋም» ነው የሚለው። ቤቱ የተቃጠለበት «ትንሽ ሞቀን» ይላል።

«ወይዘሮ ቦቲላ፣ ዕቅዱ ለእርስዎ ይከብድዎታል?» ብላ ጠየቀች።

ቦቲላ ሳህኗን አየች።

«ባይሆን ደስ ይለኝ ነበር» አለች።

እናታችን ከሞተች ወዲህ እህቴ እንዲህ ያለ ከባድ ቃል ስትናገር አልሰማኋትም። አጠገቤ ያለችው ሴት መሐረብ አወጣች። ወይዘሮ ስኮውቦ ወረቀቷ ላይ ጻፈች፤ ፊት ለፊቷ ስለተቀመጥኩ እንደተገለበጠ አነበብኩት። «ጠንካራ ተቃውሞ የለም» ይላል።

ልጮኽ ስነሣ ከኋላ ወንበር ተንቋቋ። ሊቀ ካርታ ተነሥተዋል። ካርታ አልያዙም። ጓንት አላጠለቁም። በብብታቸው ያን በመስታወት የተሰቀለ ወረቀት ይዘው ወደ ፊት መጡ።

«እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ» አሉ፣ «አያቴ አተር እየፈለፈለች አንድ ነገር ነገረችኝ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴ እንኳን ሳትሰማው ነው የሞተችው።»

ወረቀቱን ከብብታቸው አወጡ።

«መቶ አለቃ ክሌምፕ የመጣው ለስዕል ብቻ አልነበረም። በዚያ ዓመት ፈረሰኛው ጦር እዚህ ልምምድ ሊያደርግ ነበር። ደረቅና ሜዳ የሆነ ቦታ ሁሉ መስፈሪያ ሊሆን ነው። ስድስት መቶ ፈረስ። የቦቲላ ቅድመ አያት ያኔ ባሏን ለፕሩሲያ ጦርነት ገብራ ከአምስት ልጅ ጋር የቀረች ሴት ነች። ያላት ያ ገብስ ብቻ ነው። ቅድመ አያቴ የጀርመን ልብ ያለው ሰው ነበር። የሷ ባል ደግሞ የዴንማርክ ልብ። ግን ጎረቤት ነበሩ። ስለዚህ መቶ አለቃውን 'ጌታዬ፣ ወደዚያ እንዳይገቡ፣ ረግረግ ነው፤ አምና ፈረስ ከነጋሪው ውጧል' አለው። መቶ አለቃው በመነጽር አየና 'ያ ገብስ አይደለም እንዴ?' አለ። 'ሸምበቆ ነው ጌታዬ፣ ከሩቅ ሲያዩት ይመሳሰላል።'»

አዳራሹ ሳቀ። ሊቀ ካርታ አልሳቁም።

«አላመነውም። ያኔ ቅድመ አያቴ መለኪያ በትሩን ይዞ ሮጠና ከማሳው ጠርዝ ያለው ቦይ ውስጥ ዘሎ ገባ። እስከ ብብቱ ገባ። 'ኧረ ዋጠኝ! ኧረ ድረሱልኝ!' አለ። በትሩን ግን ከራሱ በላይ ይዞት ነበር፣ ጫፉ እንኳ አልረጠበም። ወታደሮች በገመድ ጎትተው አወጡት። መቶ አለቃው እዚያው ቁጭ ብሎ ረግረግ አርጎ ሳለው። ይሄንንም ጻፈለት።»

ወረቀቱን ከኬኮቹ መካከል አስቀመጡት።

«'ታማኝና ደፋር፣ የመንግሥትን ንብረት ከረግረግ ያዳነ።' ዕድሜዬን ሙሉ ግድግዳዬ ላይ የሰቀልኩት ውሸት ነው። የመቶ አለቃ ክሌምፕ ካርታ...» አሉና የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዙ። «ካርታው ተሳስቷል።»

ሰው የራሱን ቤት ምሰሶ በገዛ እጁ ሲነቅል ቁጭ ብሎ ማየት ያሳፍራል። የአጎታቸው ልጅ ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ፤ የጀርመን ልብ ያላቸው ዘመዶቻቸውም እየተከታተሉ ተነሡ።

ወይዘሮ ስኮውቦ በጨዋነት ፈገግ አለች። «አቶ ላውስተን፣ በጣም ደስ የሚል ታሪክ ነው።» ከዚያ ቦርሳዋን ከፈተችና ወፍራም ዶሴ አወጣች። «ይህንን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«'የመቶ አለቃ ክሌምፕ ካርታ እንከን የለበትም።' ይህንንስ?»

«እኔ ነኝ።»

«ሠላሳ አንድ ደብዳቤዎች አሉን። የዚህን ካርታ ትክክለኛነት እንደርስዎ አድርጎ ያረጋገጠልን ሰው የለም። ይህን ካርታ የመረጥነው በእርስዎ ደብዳቤዎች ምክንያት ነው ማለት ይቻላል። አሁን የትኛውን አቶ ላውስተን እንመን?»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። የብዕር ወለምታ ደግሞ ቁጥር ተሰጥቶት ዶሴ ውስጥ ይገባል።

«መጥታችሁ እዩት እንጂ!» ብዬ ጮኽኩ። «ደረቅ መሬት ነው!»

«አሁንማ ደረቅ ነው፤ መቶ ዓመት ሙሉ ፓምፕ ሲስበው ኖሯል» አለች፣ ሳትቆጣ። «የእኛ ጥያቄ ከዚያ በፊት ምን ነበር የሚል ነው። ለዚያ ዘመን ያለን ምስክር ካርታው ብቻ ነው።»

«እኔስ?» አሉ ሊቀ ካርታ። «እኔ ምስክር አልሆንም?»

«እርስዎ ያዩት አይደለም፣ የሰሙት ነው። ሰው ደግሞ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና...»

አልጨረሰችውም። እሳቸው ጨረሱላት።

«ሰው ይዋሻል» አሉና ተቀመጡ።

ውሳኔው በመስከረም መጣ። ሦስት መስመር ነው።

ስለ ቀረው ብዙ መጻፍ አልፈልግም። በኅዳር ፓምፑ ቆመ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰማሁት ድምፅ ስለነበር ዝምታው ጆሮዬን አመመኝ። ውሃው በጎርፍ አልመጣም፤ ከታጨደው ገብስ ቅሪት ሥር ቀስ እያለ ከታች ወጣ፣ አንድ ሳምንት ቁርጭምጭሚት፣ በሌላው ሳምንት ጉልበት። ቤታችንን በሁለት ቀን አፈረሱት። ቦቲላ ቶንደር ከተማ ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተሰጣት፤ መስኮቱ የገበያ አዳራሽ መኪና ማቆሚያ ነው የሚያየው። ዕቃ አስገብቼላት ልወጣ ስል መስኮቱ ጋ ቆማ ነበር። «መብራቱ ጥሩ ነው» አለችኝ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሊቀ ካርታንም መንደሩ አልማራቸውም። አርባ ዓመት ሲያርሙት የኖሩት ሰው ሁሉ ተራውን አገኘ። «ሂንሪክ፣ ይሄ ገብስ ነው ሸምበቆ?» ይላቸዋል አንዱ ሱቅ ውስጥ ዳቦ እያሳየ። ዘመዶቻቸው ሰላምታ ነሷቸው፤ «አባታችንን በአደባባይ ውሸታም አደረገው» ብለው። አንድም ጥያቄ የሚጠይቃቸው ሰው ጠፋ። እጃቸውን የሚያደርጉበት አጥተው፣ በብስክሌት ወዲያና ወዲህ ሲሉ አያቸው ነበር። እኔም አላናገርኳቸውም። ልዋሽ አልፈልግም፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ሠላሳ አንድ ጊዜ የጻፈ እጅ ይድረቅ ብዬ ነበር በልቤ።

በመጋቢት መሥሪያ ቤቱ ለወፍ ተመልካቾች የእንጨት ማማ ሠራ። ከማማው ሥር ቆንጆ ሰሌዳ ተከለ። «የላውስተን ረግረግ» ይላል። ከታች በትንንሽ ፊደል፦ «ለአካባቢው ታሪክ ላበረከቱት የረጅም ዘመን አስተዋፅኦ መታሰቢያ።»

ሊቀ ካርታ ከብስክሌታቸው ሳይወርዱ አነበቡት። ቤታቸው ሄደው ተኙ። በአሥረኛው ቀን ሾርባ ይዤ ሄድኩ፤ ለምን እንደሄድኩ ዛሬም አላውቅም። ክፍሉ ቀዝቅዟል። ፊታቸው ወደ ግድግዳው ዞሯል።

«እህትህ ጠላችኝ?» አሉ።

«እሷ መጥላት አትችልበትም።»

«አንተስ?»

«ሞክሬ ነበር» አልኳቸው። «አልሆነልኝም።»

ሾርባውን ግማሽ ጠጡ። «ያን ነገር ከአሥር ዓመት በፊት ተናግሬው ቢሆን፣ ደብዳቤ መጻፌን ትቼ ቢሆን፣ ዛሬ ቤቷ ይኖር ነበር።»

«አዎ» አልኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ? እውነት ነው። ማጽናኛ ፈልጌ አላገኘሁም፤ እንዲያው ማንኪያውን ይዤላቸው ቁጭ አልኩ። እዚያ ቁጭ ብዬ ነው እኚህን ረጅም፣ አድራቂ፣ ሠርግ የሚያበላሹ ሰውዬ እንደምወዳቸው ያወቅኩት። እኛ ዘንድ እንዲህ አይባልም፤ በጋዜጣ ደግሞ ጭራሽ። ግን ይኸው ብያለሁ።

በግንቦት ደወሉልኝ። ከዓሣ አስጋሪ ዝርግ ጀልባ ተውሰዋል። «ቦቲላን ከቶንደር አምጣት፤ አንተ ትቀዝፋለህ» አሉኝ፣ አላስጨረሱኝም።

ሦስታችን በአባታችን ማሳ ላይ በጀልባ ሄድን። ሊቀ ካርታ ጉልበታቸው ላይ ጣውላ፣ ጣውላው ላይ ባዶ ወረቀት አድርገዋል፤ ጓንት አላጠለቁም፣ እርሳሱን እንደ ተማሪ ጨምድደውታል።

«ምንድን ነው ይሄ ደሞ?» አለች ቦቲላ።

«አንቺ ንገሪኝ፣ እኔ እጽፋለሁ።»

«ማን ሊያየው?»

«ማንም።»

አላመነታችም። ጣቷን ወደ ውሃው ዘረጋች። እዚህ በሩ ነበር አለች። እዚህ የፖም ዛፉ፤ አንድ ቅርንጫፉ የተጣመመ። እዚህ አባታችን ደክሞኛል ብለው ጋደም ያሉበትና ያልተነሡበት። እዚህ የመጀመሪያዋ ላሟ የተቀበረችበት። ሊቀ ካርታ ዝቅ ብለው ይጽፋሉ። ወፎቹ ይጮሃሉ። ማማው ላይ ያሉ ሰዎች በመነጽር አዩን።

«ጉድጓዱ ደሞ እዚህ ጋ» አለች፣ «ከበሩ በስተግራ።»

ጉድጓዱ በስተቀኝ ነበር፣ ከላም በረቱ አጠገብ። አሥራ አምስት ዓመት ውሃ የቀዳሁበት ነው። ሊቀ ካርታም ያውቁታል፤ ወተት ሊመረምሩ በየሳምንቱ ሲመጡ ከዚያው ነበር የሚጠጡት። ላርማት አፌን ከፈትኩ። ከመቀመጫው ሥር አንድ ከባድ ቦቲ ጫማ እግሬን ረገጠኝ፣ አጥንቴ እስኪሰማኝ ድረስ። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

«በስተግራ» አሉና ጻፉት።